የደመወዝተኛ ፖሶሴ

የሰው ድስት ተከድኖ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ አመል ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ፤ እናቴ «አፍንጫሽ ቀድሞሽ ይገባል» ትለኝ ነበር። ብዙ ቦታ አሳፍሮኛል። አንድ ጊዜ ግን ከትልቅ ጭንቀት አውጥቶኛል፤ ያውም በገዛ እጄ ተመልሼ ልገባበት።

ነገሩ የሆነው ሶዶ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲፕሎማ አለኝ፣ ደመወዝ አለኝ፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ የተከራየኋት አንዲት የጭቃ ሰርቪስ ቤት አለችኝ። ዘመኑ የእህል ዋጋ በየገበያው ቀን አዲስ ወሬ የሚሆንበት ነበር። ስብሰባ ላይ ስለ ዕድገት ይነገረናል፤ ከስብሰባው ስንወጣ ስለ ጤፍ እናወራለን። የእኔ ደመወዝ በአሥራ አምስተኛው ቀን ትንፋሹ ያጥረዋል፤ በሃያኛው ቀን ነፍሱን ይማር። ያኔ ወደ አገራችን በሚሄደው የገሱባ አውቶቡስ ለአባቴ መልእክት እሰዳለሁ፤ አባቴም በቆሎ በማዳበሪያ አድርጎ ለረዳቱ ይሰጥልኛል። ገበሬ አባት ለደመወዝተኛ ልጁ ስንቅ ሲልክ አስቡት። ጓደኞቼ በአንዱ እሑድ ማዳበሪያውን ተሸክሜ ሲያገኙኝ «ለዶሮ ነው» አልኳቸው። ዶሮ አልነበረኝም።

በዚያ ዓመት ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ከቤታችን እስከ ገሱባ ትምህርት ቤት ድረስ በእግር ሄዶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ አይኬድም። ስለዚህ ሶዶ ከእኔ ጋር ትማር ብዬ አባቴን ለመንኩት። አባቴ እንዲህ አለ፦

«አንቺ አንድ አፍ መመገብ አቅቶሽ ከእኔ ጎተራ ትቀጃለሽ። አሁን ደግሞ ሁለት አፍ ሊሆን ነው። ይሁን፣ ውሰጃት። ከዛሬ ጀምሮ ግን በቆሎ አልክም። ከገና በፊት መጥቼ አያለሁ። ልጅቷ ተርባ ካገኘኋት ይዣት እመለሳለሁ።»

አባቴ ሲያስፈራራ አይጮህም፤ የሚያደርገውን ነው የሚናገረው። ትምህርት አቋርጣ ወደ ሰፈራችን ከተመለሰች ልጅ እንደገና ደብተር የያዘች አንድም አላውቅም። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ሽማግሌ ይላካል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ይታወቃል። እህቴ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ናት። ይህን ስል ትሕትና አይደለም፤ ፊዚክስ ትወዳለች፣ እኔ ፊዚክስ ሲነሳ ራሴን ያመኛል። እናም ከመስከረም እስከ ገና ድረስ የነበረኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያው ደመወዝ ሁለት ሰው ማጥገብ።

ሥራውን የጀመርኩት በማላውቀው መንገድ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከገጠር ወጥቼ አክስቴ ዘንድ ሶዶ አደግሁ፤ አክስቴ ሠራተኛ ነበራት። ከዚያ ኮሌጅ ገባሁ፣ የካፌ ምግብ በላሁ። ድስት የያዝኩት ደመወዝ ስይዝ ነው። ገበያ ሄዶ ፀሐይ ላይ መከራከር ለተማረ ሰው የሚገባ ሥራ አይመስለኝም ነበርና ሁሉንም ከሰፈር ሱቅ ነው የምገዛው፤ ዘይት በብርጭቆ፣ ሽንኩርት በመደብ፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ላምባ በጠርሙስ። እንጀራ ደግሞ በየቀኑ ከጎረቤት። ትንሽ ትንሽ ስለምገዛ ትንሽ የማወጣ ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ እኔ ለእህቴ «ትምህርት ቤት በልቻለሁ» እላታለሁ፤ እሷ ለእኔ «ጓደኛዬ ቤት በልቻለሁ» ትለኛለች። ሁለታችንም እንዋሻለን፣ ሁለታችንም እናውቃለን። የዩኒፎርሟ ቀሚስ ወገቡ ላይ ላላ። መርፌና ክር አወጣሁና አጠበብኩት። አባቴ የሚያየው ግን ቀሚሷን ሳይሆን አንገቷን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሬም ሲገዛ የሚያየው አንገቱን ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰሞን ነው የሴትዮዋ ምሳ ዕቃ እንቅልፍ የነሳኝ። የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ወደ አርባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፣ አራት ልጆች አሏቸው፣ ባላቸው የአንድ መጋዘን ጥበቃ ናቸው። ደመወዛቸው የእኔን ግማሽ አይሞላም፤ ሁላችንም አንድ ወረቀት ላይ ስለምንፈርም አይደበቅም። ምሳ ሰዓት ላይ እኛ አስተማሪዎች ከበሩ ማዶ ያለችው ሻይ ቤት እንገባና የወሩ መጀመሪያ ከሆነ ሽሮ፣ የወሩ መጨረሻ ከሆነ ሻይ በዳቦ እናዛለን። እሳቸው የስፖርት ዕቃ ከሚቀመጥበት ቤት ጀርባ ጥላው ሥር ይቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይበላሉ። የምሳ ዕቃውን ክዳን በግማሽ ብቻ ነው የሚከፍቱት። አንድ ጉርሻ ይወጣል፣ ክዳኑ ይመለሳል።

ሽታውን ግን ክዳን አይዘውም። ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ዝንጅብል አለበት፣ በሶብላ አለበት። ከእነዚህ ሥር ደግሞ አፍንጫዬ የሚያውቀው፣ ስሙ ግን የጠፋኝ ሌላ ነገር አለ። የሚገርመው ሴትዮዋ አለመክሳታቸው ነው። ልጆቻቸውም እዚያው እኛ ዘንድ ይማራሉ፤ ሁለቱን አስተምራቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ሌላው ልጅ ሲያንቀላፋ የሴትዮዋ ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ።

ሻይ ቤት ውስጥ ነገሩን ሳነሳው ሁሉም የየራሱን ግምት ሰጠኝ። አንዱ «ባልየው ከሚጠብቁት መጋዘን ነዋ!» አለ። ሌላዋ «ውጭ አገር ዘመድ አላቸው» አለች። የሒሳብ አስተማሪው ሻዩን እያማሰለ «ቁጥሩ አይመጣም» አለ። ቁጥሩ እንደማይመጣ እኔም አውቃለሁ፤ ያላስቀመጠኝም እሱ ነው።

አንድ ቀን ሻዬን ይዤ ወደ ጥላው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ምን እየበሉ ነው?» አልኩ በአማርኛ።

ክዳኑ ጧ ብሎ ተዘጋ። «ቲቸር፣ ለግምገማ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም።»

«እኔ ሥራ ሰዓት ላይ በልቼ አላውቅም። ደውል ሲደወል ነው የምበላው። አንተ ራስህ አይተሃል አይደል?»

በእሳቸው አማርኛ ወንድና ሴት በአንድ በር ነው የሚገቡት፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚናገር ማንም አይደነቅም። የግምገማ ሰሞን ስለነበረም አልፈረድኩባቸውም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ሻዬን ይዤ ተመለስኩ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አንድ ነገር ታወቀኝ። እሳቸው ወላይታ ናቸው፣ እኔም ወላይታ ነኝ። ዓመት ሙሉ ግን በአማርኛ ብቻ ነው ያናገርኳቸው። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም፤ የትምህርት ቤት በር ስገባ ምላሴ በራሱ ይለወጣል። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ በእናቴ ቋንቋም እንዲህ አልኩ፦

«እትዬ፣ እህቴ ከእኔ ጋር ናት፣ እየተራበች ነው። እርስዎ አራት ልጆች በምን ያጠግባሉ?»

ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱና የምሳ ዕቃውን ክዳን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡት።

ፖሶሴ ነበር! የበቆሎ ዱቄት በውኃ ረጠብ ብሎ በእጅ እየተድቦለቦለ ከተከተፈ ጎመን ጋር የሚበስል፣ ጠጠር ጠጠር የሚል ምግብ። ከጎኑ አንድ ማንኪያ ቀይ ዳጣ፤ ያ ከቃሪያና ከቅመማ ቅመም የሚፈጨው፣ አገሬው ያለሱ እህል የማይወርድለት። ስሙ የጠፋኝ ሽታ የበቆሎና የጎመን እንፋሎት ነበር። የቤታችን የዘወትር ምግብ! አክስቴ ቤት ከገባሁ ወዲህ ግን ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ «የገጠር ምግብ» ይባላል፤ ሰው ይህን ካለ በኋላ ሌላ ነገር አይጨምርም።

«ታዲያ ለምን ዞረው ይበላሉ?» አልኳቸው።

«አስተማሪዎች ጤፍ ይበላሉ። ይህን ስበላ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?»

ዳቦ በሻይ የበላሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ዳቦዋ ቀጭን ነበረች። ሳቅሁ፤ ምክንያቱን ስነግራቸው እሳቸውም ሳቁ፣ «ቅመሺ» ብለውም ክዳኑ ላይ አወጡልኝ። ዳጣው ዓይኔን አስነባኝ፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ግን ሳልጠየቅ ነው ያነሳሁት።

ማታ ምስጢሩን ይዤ ቤቴ ገባሁና ለእህቴ በታላቅ ግርማ አወጅኩላት። ጠግባ የማታውቅ ልጅ ሆዷን ይዛ ስትስቅ አየሁ።

«ፖሶሴ? ፖሶሴ መሥራት እኮ እችላለሁ! እናቴ በሌለች ቀን ለሁሉም የምሠራው እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ እንጀራ ብቻ ነው የምትበዪው። የምትጠዪው መስሎኝ።»

ሁለት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ተኝተን ተርበናል፤ እሷ እኔን አክብራ፣ እኔ እሷን ሳልጠይቅ። የሰው ምሳ ዕቃ ለማየት ድንጋይ ላይ የምቀመጥ ሴት ከአልጋዬ ግማሽ ላይ የተኛችውን አለመጠየቄ አናደደኝ። ቢሆንም እህቴም የማታውቀው ነገር ነበር። እናታችን ጎመን የምትቀጥፈው ከጓሮ ነው፣ በቆሎ የምታወርደው ከጎተራ ነው። በብር ሲሆን እንዴት እንደሚኖር ሁለታችንም አናውቅም። ይህን ያስተማሩኝ ሴትዮዋ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ልሄድ ስነሳ «ጠዋት ገበያ የሚወጣ እንግዳ ነው» ብለው ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሩኝ። ገበያው አፍ ላይ ቆመው ወደ ሸቀጡ ሳይሆን ወደ ዳሞታ ተራራ ያያሉ። እኔም ምን እንደሚያዩ ሳይገባኝ አብሬ አያለሁ። ደመናው ከአናቱ ላይ ወረድ ሲል «አሁን» አሉና ገባን። ለካ ጎመን የሚያወርዱት ሴቶች ከተራራው ወገብ ነው የሚመጡት። ዳሞታ ደመና ሲለብስ ዝናብ ሳይዛቸው ለመመለስ ይጣደፋሉ፤ ጎመን ደግሞ ተሸክሞ አቀበት አይወጣም። ጠዋት አንድ እስር የሚሰጡበት ዋጋ ሁለት ይሆናል።

«ይህ በሰው ችግር መጠቀም አይሆንም?» ብዬ ጠየቅሁ፤ እንግዲህ አስተማሪ ነኝ።

እሳቸው አንዲት ጎመን ሻጭ እናት ፊት ቁጢጥ አሉ። ዋጋ አልተከራከሩም፣ የተባሉትን ከፈሉ፣ ምርቃትም አልጠየቁም። ሻጭዋ ግን ራሳቸው አንድ እፍኝ ቃሪያ ጣል አደረጉላቸው። ከዚያ ወደ በቆሎ ተራ ስንሻገር ሌላ ሰው ሆኑ። ነጋዴውን ከሰላምታ ይልቅ በስድብ ጀመሩት። አንድ ፍሬ በቆሎ በጥርሳቸው ሰበሩ፣ ድምፁን አዳመጡ፣ «ይህ ውኃ ነው፣ ውኃ በሚዛን ልትሸጥልኝ?» አሉት። ደረቅ ፍሬ ቀጭ ይላል፤ እርጥቡ ዝም ብሎ ይደቅቃል፣ ይከብዳልም፣ ይሻግታልም። እኔም አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ከትቼ ሰበርኩ። ከዚያ ሌላ። የነጋዴውን ስድስት ማዳበሪያ በየተራ ስቀምስ «ይህችኛዋ ምሳዋን ልትበላ ነው የመጣችው?» አለ። የመጨረሻው፣ ከሻንቶ በኩል የመጣው፣ ቀጭ አለ። ሴትዮዋ፣ አንዲት ጎረቤታቸውና እኔ ሆነን ሙሉ ማዳበሪያ ገዛንና ለሦስት ተካፈልን። ከሱቅ በጣሳ ስገዛ የነበረውን ሳስበው እጄን መንከስ አማረኝ።

ወፍጮ ቤትም ሌላ ዓለም ነው። ሰልፉ ባዶ ሆኖ እያየሁ ሴትዮዋ አላስገቡኝም። «ነጭ በቆሎ የያዘ ሰው እስኪመጣ ጠብቂ፣ ከኋላው ግቢ» አሉኝ። ከማሽላ በኋላ የገባ ዱቄቱ ይጠቁራል። ከነጭ በቆሎ በኋላ የገባ ግን ድንጋዩ ውስጥ የቀረውን የፊተኛውን ዱቄት ይወርሳል።

«የሰው አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«የአንቺንም ከኋላሽ ያለው ይወስደዋል። ወፍጮው ለማንም አያዳላም» አሉና ወደ ባለ ወፍጮው ዞሩ፤ «አታልመው!» ብለው ጮሁ። የላመ ዱቄት ፖሶሴውን ገንፎ ያደርገዋል። ይህን በኋላ ራሴ አረጋግጫለሁ፤ አንዴ ያላየሁትን ላድርግ ብዬ ሳማስል ድስቱ ሙሉ ገንፎ ሆኖ እህቴ ለሁለት ቀን ሳቀችብኝ። ለካ ጎመኑ ሲፈላ ዱቄቱን ከላይ እያድቦለቦሉ ጣል ማድረግ፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ ነው። የሚያስቸግረው መሥራቱ ሳይሆን አለመንካቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመተረክ እንደ ልጅ እቸኩላለሁ፤ ምክንያቱም በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁሉንም ነገር መሞከር አማረኝ። ላምባውን ትተን በከሰል አንድ እሳት ሦስት ጊዜ መጠቀም ጀመርን፤ መጀመሪያ ሲዘፈዘፍ ያደረ ቦሎቄ፣ ቀጥሎ ፖሶሴ፣ በመጨረሻ ረመጡ ውስጥ ለጠዋት የሚሆን ስኳር ድንች መቅበር። ጎደሬም ገዛሁ፤ ሳይበስል አውጥቼ ቀምሼው ጉሮሮዬን ሲያሳክከኝ ዋለ፣ ክፍል ውስጥ እያሳልኩ አስተማርኩ። ቃሪያ በረከሰ ሳምንት ብዙ ገዝተን ዳጣ ፈጨን፤ እኔ ፈጨሁ ማለት ይሻላል፤ እጄ ለሦስት ቀን ተቃጠለ። ነጭ ሽንኩርቱን ስንት፣ ዝንጅብሉን ስንት ባደርግ ምን እንደሚሆን እየቀያየርኩ እህቴን አስቀምሳለሁ። እሷም እንደ ፈተና አርማ ማርክ ትሰጠኛለች። አራተኛው ላይ «ይህ የእናቴን ይመስላል» አለችኝና ልቤ ሞላ።

ኅዳር ሲያልቅ ያጠበብኩትን ቀሚስ ክሩን ፈታሁት። ደመወዜ በሃያኛው ቀን በሕይወት ነበር። ከእጄ ተርፎም ለእህቴ ጫማ መግዣ የሚሆን ብር አልባሳቴ መካከል አስቀመጥኩ፤ ጫማዋ ፊቱ ተከፍቶ ጣቷ ይታይ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የገሱባው አውቶቡስ ረዳት «አባትሽ ቅዳሜ ይመጣል» ብሎ ነገረኝ።

እዚህ ላይ ነው እብደቴ። ለሁለት ወር የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ጠዋት ጣልኩት። አባቴ ደመወዝተኛ ልጁ ቤት ገብቶ ፖሶሴ ሊቀርብለት ነው? እዚያው ቤቱ በየቀኑ የሚበላውን? ኮሌጅ የላከኝ ለዚህ ነው? የጫማውን ብር አወጣሁና ከዋናው መንገድ ሆቴል ጥብስ በሁለት ትልቅ ሳህን፣ ነጭ የጤፍ እንጀራና ሦስት ለስላሳ አዘዝኩ።

«ጫማዬስ?» አለች እህቴ።

«አባባ ይዞሽ ከሄደ ጫማውን የት ታደርጊዋለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ጮኼባት አላውቅም ነበር።

ጠዋት የሠራችው ፖሶሴ ምድጃው ላይ ነው። በፎጣ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ገፋሁት። ምድጃውን ጠረግሁ፣ አመዱን ደፋሁ፣ ጎመን የሚባል ነገር እንዳይታይ እስሩን ከበሩ ጀርባ አነሳሁ።

አባቴ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተቀመጠ፣ ገበታውን አየ፣ ከዚያ ጸለየ። የአባቴ ጸሎት ረጅም ነው፤ ሥጋው እስኪቀዘቅዝ እኔን፣ እህቴን፣ የእህቴን አስተማሪዎች፣ የከተማውንም ሰው ባረከ። ከአሜን በኋላ ሁለት ጉርሻ በላና እጁን መለሰ።

«ይህን የት ሠራሽው?»

«ከሆቴል ነው፣ አባባ። አንተ መጣህ ብዬ።»

«ሌላ ቀንስ?»

እውነቱን መናገሪያዬ ይህ ነበር። «ሌላ ቀን ፖሶሴ ነው» ማለት አራት ቃል ነው።

«ሌላ ቀንም … እንደዚሁ ነው። ደህና ነው የምንበላው» አልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አባቴ ደመወዜን ያውቃል፤ ሥራ የያዝኩ ቀን በኩራት የነገርኩት እኔው ነኝ። ተነሣና ምድጃው ላይ መዳፉን አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው፣ አመድም የለው። ዞር ብሎ የእህቴን ጫማ አየ፤ እሷ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ደርባ ልትሸፍን ሞከረች። ድምፁን ሳያነሣ እህቴን አናገራት።

«ልብስሽን ሰብስቢ።»

«አባባ!» አልኩ።

«እሳት በማይነድበት ቤት ልጅ አልተውም። ዛሬ ሥጋ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ውኃ ልትጠጣ ነው። ይህን አይቼዋለሁ፤ አምና ማዳበሪያ የምልከው እኔ አልነበርኩም?»

የምናገረው ሁሉ ውሸቴን የሚያጋልጥ ነው፤ ዝምታዬ ደግሞ እህቴን ይወስዳታል። ያንን ያህል ፈርቼ አላውቅም። እህቴ ግን ልብስ አልሰበሰበችም። በደረቷ መሬት ላይ ተኛችና ከአልጋው ሥር ድስቱን ጎትታ አወጣች። ፎጣውን ፈታች፣ ዳጣውን ከማሰሮው ጨለፈች፣ አባታችን ፊትም አስቀመጠችው።

«አባባ፣ እኛ የምንበላው ይህን ነው። በየቀኑ። እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ገበያ ትሄዳለች። እጠግባለሁ። ደብቂው ያለችኝ እሷ ናት።»

አባቴ ድስቱን አየ፣ እኔን አየ። ተቀመጠና መብላት ጀመረ፤ ሁለተኛ አልጸለየም። እኔ ቆሜ ነው።

«ዳጣውን ማን ፈጨው?» አለ።

«እኔ።»

ጨርሶ በላ። እህቴ እጁን አስታጠበችው። ከዚያ በእርጥብ እጁ አንገቷን፣ ከኋላ በኩል፣ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ለቀቃት። «ደብተርሽን ያዢ። ትቀሪያለሽ» አላት። ጥብሱን ለግቢው ባለቤቶች ልጆች ላኩላቸው ብሎ ባርኔጣውን አነሳ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ከፊቴ ነው የሚሄደው። እኔ ግን በልቤ እየዘለልኩ ነበር፤ ድል አድርጌያለሁ፣ እህቴ ቀርታለች። አውቶቡሱ በር ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ልጅቷ አትራብም፣ አይቻለሁ። ገበያውንም አውቀሽበታል። አሁን የምፈራው ለአንቺ ነው።»

«ለምን፣ አባባ?»

«እናትሽ ዛሬም ያንኑ ፖሶሴ በልታ ነው እርሻ የዋለችው። በፋሲካ ልትጠይቃችሁ ትመጣለች። ሰው ቢመጣብሽ እሷንም አልጋ ሥር ትገፊያታለሽ?»

ገባና መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ረዳቱ በሩን መታ፣ አውቶቡሱ ተነሣ። እኔ ከዚያው ከቆምኩበት፣ ተማሪዎቼና ወላጆቻቸው በሚተላለፉበት መሐል መናኸሪያ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።